ሯጩ ጾመኛና የእግሩ አማና

ኢቃማ ሲባል በየመስጂዱ የሚሰማ ድምፅ አለ። ዉዱእ ላይ የዘገዩት፣ ከታክሲ አሁን የወረዱት፣ ጫማቸውን በአንድ እጅ ያንጠለጠሉት ሁሉ ረከዓው እንዳያመልጣቸው በሩጫ ይገባሉ። ወለሉ ከምንጣፉ ስር ሲንቀጠቀጥ ፊት ለቆምነው ይሰማናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን አልወደዱትም። ቡኻሪና ሙስሊም ባስተላለፉት ሐዲስ፣ ኢቃማ የሰማ ሰው በሰኪና፣ ማለትም በእርጋታና በክብር ተራምዶ እንዲመጣ፣ የደረሰበትን እንዲሰግድ፣ ያመለጠውንም በኋላ እንዲያሟላ አዘዋል።

ይህን በየጊዜው የምናሳስብ ኢማሞች በረመዳን ገጽ ላይ ስለ ሩጫ ስንጽፍ የሚገረም አንባቢ አይጠፋም። ምክንያት አለን። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ረመዳን ሲገባ ሌላ ሩጫ በሰፈሮቻችን በዝቷል። ከዐስር ሶላት በኋላ ወጣቶች ሦስት አራት እየሆኑ በአስፋልቱ ዳር ወደ ላይ ወደ ታች ይላሉ። አንዱ ክብደት ለመቀነስ ነው። ሌላው ማፍጠሪያው እስኪደርስ ጊዜውን ለመግፋት ነው። ሌላው ደግሞ እንጀራው ሩጫ ስለሆነና ፕሮግራሙ ረመዳን ገባ ብሎ ስለማይቀነስለት ነው። ዒድ ሲደርስ ከእነዚሁ መካከል እያነከሱ ወደ ሶላት የሚመጡ እናያለን። ምን አገኘህ ብለን ስንጠይቅ፣ ወድቄ ነው ወይም መኪና ገጭቶኝ ነው የሚለን ጥቂት ነው። አብዛኛው የተጎዳው ከራሱ አሯሯጥ ነው።

ሩጫ በራሱ የተጠላ ነገር አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በጉዞ ላይ ሳሉ ከባለቤታቸው ከዓኢሻ (ረ.ዐ.) ጋር ተሽቀዳድመዋል። በመጀመሪያው እርሷ ቀደመች፤ በሌላ ጊዜ፣ ሰውነቷ ከከበደ በኋላ፣ እሳቸው ቀደሙና የፊተኛዋን አካካስን በሚል ቀልደውባታል። ሰለማ ኢብኑል አክወዕ (ረ.ዐ.) የተባሉት ሶሓባ ደግሞ በሩጫቸው የታወቁ ነበሩ። የነቢዩን ግመሎች ዘርፈው የሸሹትን ሰዎች በእግራቸው እየተከታተሉ መውጫ አሳጥተዋቸዋል። ከዚያ ሲመለሱ፣ በሩጫ ተቀድሞ የማያውቅ አንድ የአንሷር ሰው እስከ መዲና የሚሽቀዳደመኝ ማን ነው እያለ ይጣራ ጀመር። ሰለማ ነቢዩን አስፈቅደው ከግመል ወረዱ። ሶሒሕ ሙስሊም ውስጥ ታሪኩን ስናነብ ሁልጊዜ የምንቆምበት ቦታ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ሰለማ ወዲያውኑ አልከነፉም። አንድ ሁለት ከፍታ ያህል ትንፋሻቸውን ለመቆጠብ ራሳቸውን ያዙ፤ ከዚያ በኋላ ፍጥነት ጨምረው ሰውየውን ደረሱበት። ዛሬ አሰልጣኝ ሰዓት ይዞ የሚያስተምረውን ጥበብ እኚህ ሰው ከ1,400 ዓመት በፊት በመዲና መንገድ ላይ ያውቁት ነበር።

በዐረብኛ «ሰዕይ» የሚለው ቃል መሮጥም፣ መትጋትም፣ አስቦ መሄድም ይሆናል። በሱረቱል ጁሙዓ ወደ አላህ ማስታወሻ እንድንሄድ የታዘዝነው በዚሁ ቃል ነው። ሐሰን አል-በስሪን የመሰሉ ቀደምት ዑለማዎች ሲያብራሩት ግን ይህ በእግር መሮጥ እንዳልሆነ፣ በልብና በኒያ መሄድ እንደሆነ ተናግረዋል። በሶፋና በመርዋ መካከል ደግሞ ሰዕይ በእርግጥ እግር አለበት። ሰባቱ ምልልስ በድምሩ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ሆኖም ወንዶች ፈጠን የሚሉት በአረንጓዴ መብራት በተለየው አጭር ቦታ ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ እርምጃ ነው። ሐጅ ላይ ይህን ዘንግተው ከመጀመሪያው ምልልስ ጀምሮ የሚጋፉና የሚሮጡ ሰዎች በአምስተኛው ላይ ግድግዳ ተደግፈው ይታያሉ።

ሱሁር ላይ የተዋጠ ክኒን

በአንድ ረመዳን ከተራዊህ በኋላ አንድ ወጣት ጠብቆን ነበር። ዕድሜው ከ20 አይበልጥም፤ ወደ ሱሉልታ እየወጣ ይሠለጥናል። «ሸይኽ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለን። «ሱሁር ላይ የሕመም ማስታገሻ ውጬ፣ ቀኑን ጾሜን ይዤ፣ ከዐስር በኋላ ብሮጥ ጾሜ ይበላሻል?»

የፊቅህ ጥያቄ ነው፤ መልሱም አጭር ነው። ከፈጅር በፊት የተዋጠ ክኒን ጾም አያበላሽም። ነገር ግን ጠያቂው ክብደቱን በአንድ እግሩ ላይ ጥሎ እንደቆመ አይተን ነበርና «ልጄ፣ የት ላይ ነው የሚያምህ?» አልነው። በቀኝ እግሩ የአገዳ አጥንት ላይ፣ ከቁርጭምጭሚቱ አንድ ጋት ከፍ ብሎ፣ በአንድ ጣት ጠቆመን። ሌሊት ይነዝረው እንደሆነ ጠየቅነው፤ ይነዝረዋል። ለአሰልጣኙ ነግሮት እንደሆነ ጠየቅነው፤ አልነገረውም። ከዒድ በኋላ የምርጫ ውድድር አለበት። ታናናሾቹን የሚያስተምረው እሱ ነው። ብናገር ስሜን ይሰርዘዋል ብሎ ፈርቷል።

ሐኪም አይደለንም። ግን ስለ ሩጫ ጉዳት የሚያውቅ ሁሉ የሚስማማበት አንድ ነገር አለ። የሮጠ ሰው ጡንቻው ቢዝል፣ ሁለቱም ባቶቹ ቢከብዱት፣ ሕመሙም በአንድ ሁለት ቀን ቢለቀው የድካም ሕመም ነው፤ አያስፈራም። ሕመሙ በአንድ እግር ላይ ከሆነ፣ በአንድ ጣት ሊጠቆም ከቻለ፣ አጥንት ላይ ከሆነ፣ በሮጡ ቁጥር ከባሰ፣ ሌሊትም ካላስተኛ ግን አጥንቱ መሰንጠቅ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ስንጥቅ የሚመጣው በአንድ ምት አይደለም። አጥንት ከተደጋጋሚ ጫና የሚጠገንበት ጊዜ ሲያጣ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ራጅ ላይ ላይታይ ስለሚችል፣ ራጁ ንጹህ ነው ተባልኩ ብሎ ወደ ሩጫ የተመለሰ ሰው ዳነ ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ ወጌሻ አንድ ነገር እንበል። የወለቀና የተጣመመ መገጣጠሚያ የሚመልሱ ሙያቸውን የሚያከብሩ ወጌሻዎች አሉን፤ አናቃልላቸውም። የተሰነጠቀ አጥንት ላይ ቅቤ ተቀብቶ የሚደረግ ጠንካራ እሽት ግን ስንጥቁን ያሰፋዋል እንጂ አይገጥመውም። ወጣቱ እሱንም ሁለት ጊዜ ታሽቶ ነበር።

የሕመም ማስታገሻውን በተመለከተ የነገርነው ይህን ነው፦ ሕመም አዛን ነው። ክኒኑ ሙአዚኑን ዝም ያሰኘዋል እንጂ ወቅቱን አያስቀረውም። ከዚህም ሌላ አንዳንዶቹ ማስታገሻዎች፣ በተለይ እብጠትን የሚቀንሱት፣ ውኃ ባጣ ሰውነት ላይ ሲወሰዱ ኩላሊትን ይጎዳሉ። ጾመኛ ሯጭ ደግሞ ከዐስር በኋላ ውኃ ያጣ ሰው ነው። ልጁ ሄዶ ተመረመረ፤ ስንጥቅ ተገኘበት፤ ለሁለት ወር ያህል ከሩጫ ታቀበ። ውድድሩ አለፈው። አሁን ይሮጣል፤ ያ ውድድር ግን አልተመለሰለትም፤ ያንን ዓመት ቤተሰቡ እንዴት እንደገፋው እኛም እናውቃለን።

ዐረቦች «ሙንበት» የሚሉት ሰው አለ። ቶሎ ለመድረስ ብሎ ከብቱን ያለ እረፍት ሲነዳ መንገድ ላይ የገደለበት መንገደኛ ነው፤ አገሩ አልደረሰ፣ ከብቱም አልተረፈለት። ለሯጭ ከብቱ እግሩ ነው።

እግር እንዴት ይውረድ?

አንድ ሰው ሲሮጥ እግሩ መሬት በነካ ቁጥር ከራሱ ክብደት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ የሚደርስ ጫና ይቀበላል። 60 ኪሎ የሚመዝን ወጣት በእያንዳንዱ እርምጃ ከ120 እስከ 180 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። 10 ኪሎ ሜትር ለመሮጥ 10,000 ያህል እርምጃ ያስፈልጋል፤ ለእያንዳንዱ እግር 5,000 ይደርሰዋል። በእርምጃው ላይ ያለች ትንሽ ጥፋት 5,000 ጊዜ ስትደጋገም ትንሽ አትሆንም።

በብዛት የምናየው ጥፋት እግርን ወደ ፊት መወርወር ነው። ወጣቱ ፈጥኖ ለመሄድ እርምጃውን ያስረዝማል፤ እግሩን ከጉልበቱ አሳልፎ ዘርግቶ በተረከዙ ይመታል። ይህ እንደ ፍሬን ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ ራሱን ያቆማል፣ ከዚያ እንደገና ይገፋል፤ ምቱንም ጉልበቱና የአገዳው አጥንት ይቀበላሉ። መፍትሔው እርምጃን ማሳጠርና ማብዛት ነው፤ እግር ከፊት ሳይሆን ከሰውነት ስር እንዲያርፍ ማድረግ። ለዚህ ቀላል መለኪያ አለ። በሩጫ ላይ ቀኝ እግር በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ መሬት እንደነካ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ነው። ተስቢሕ መቁጠር ለለመደ ሰው ይህ አይከብድም። የታላላቅ ሯጮች ቁጥር በውድድር ላይ ብዙውን ጊዜ 180ና ከዚያ በላይ ነው። ይህን የሰማ ሁሉ ነገ 180 ልሁን ቢል ግን ሌላ ጉዳት ያመጣል። ቁመትም ፍጥነትም ቁጥሩን ይለውጡታል። 160 የሆነ ሰው ከአምስት በመቶ አይለፍ፤ 168 ይበቃዋል። ፍጥነቱን ሳይጨምር እርምጃውን ብቻ ያብዛ። ያቺ ትንሽ ለውጥ ከጉልበትና ከዳሌ ላይ ጫና ታነሳለች።

ሁለተኛው አቋም ነው። ዓሊይ (ረ.ዐ.) የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) አረማመድ ሲገልጹ፣ ከከፍታ የሚወርድ ሰው እስኪመስሉ ወደ ፊት ዘንበል ይሉ እንደነበር ተናግረዋል፤ ቲርሚዚ ዘግበውታል። ሩጫ የሚያስተምሩ ሰዎች የሚመክሩትም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ዘንበል ማለቱ ከቁርጭምጭሚት ይሁን እንጂ ከወገብ አይሁን። ወገቡን አጥፎ የሚሮጥ ሰው ሩኩዕ ላይ ሆኖ እንደሚሮጥ ነው፤ ትንፋሹ ይታፈናል፣ ጀርባው ይታመማል። ትከሻ ይውረድ፣ መንጋጋ ይላላ፣ እጅ ጥንቸል የያዘ ይመስል አይጨበጥ፤ አይን ከእግር ስር ሳይሆን 15 ወይም 20 እርምጃ ወደ ፊት ይይ። ጾመኛ በመጨረሻው ሰዓት ላይ ሲደክም መጀመሪያ የሚኮማተረው ትከሻው ነው፤ ከዚያ አንገቱ፣ ከዚያ እርምጃው ይበላሻል።

ሦስተኛው ድምፅ ነው። በሱረቱል ፉርቃን የአር-ረሕማን ባሮች አረማመድ «ሀውነን» በሚል ቃል ተገልጿል፤ ቀለል ብሎ፣ ረጋ ብሎ ማለት ነው። በሱረቱል ኢስራእ ደግሞ በምድር ላይ እየተንጎራደደ የሚሄድ ሰው ምድርን እንደማይሰነጥቃት ተነግሮታል። አንቀጾቹ ስለ ትሕትና የወረዱ ናቸውና ስለ ስፖርት ናቸው ብለን አናጣምማቸውም። ቃሉ ግን ለሯጭም ይጠቅማል። የእግርህን ድምፅ ስማ። አስፋልቱ ላይ ጧ ጧ የሚል ከሆነ መሬቱን እየደበደብክ ነው፤ መሬቱ ደግሞ መልሶ ይመታሃል። የጆሮ ማዳመጫ የሰካ ሰው ይህን ድምፅ አይሰማም። ከኋላው የሚመጣውን ሚኒባስም አይሰማም፤ ኢፍጣር ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ሲቀር በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ሾፌሩም፣ እግረኛውም፣ ባለ ሞተሩም እንዴት እንደሚቻኮሉ የምታውቁት ነው።

ጠቅላላ ነገሩ ኹሹዕ የምንለውን ይመስላል፤ ልብ ሰውነት ካለበት ቦታ እንዲገኝ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሩኩዑንና ሱጁዱን እየተቻኮለ የሰገደን ሰው ደጋግመው መልሰው እንዲሰግድ አድርገውታል፤ እያንዳንዱ አካል በየቦታው እስኪረጋ ድረስ። ሩጫ ሶላት አይደለም፤ አናመሳስለውም። ሆኖም በቀን አምስት ጊዜ እንዲህ ያለ ትምህርት የሚቀበል ሰው መንገድ ላይ ሲወጣ ሰውነቱን እንደማያውቀው ሰው መንዳት የለበትም። በየአምስት ደቂቃው ከራሱ እስከ እግሩ ይፈትሽ፦ መንጋጋዬ ላልቷል? ትከሻዬ ወርዷል? እግሬ የት እያረፈ ነው? ትንፋሼስ? ለቀላል ሩጫ የትንፋሽ መለኪያው እያወሩ መሮጥ መቻል ነው። ለእኛ ወጣቶች የምንሰጠው መለኪያ ሱረቱል ኢኽላስ ነው፤ አራቱን አያዎች ሳያቆራርጥ መቅራት ያቃተው ሰው ለቀላል ቀን ከሚገባው በላይ ፈጥኗል።

ሶላት ራሷ ደግሞ ጉዳትን ቀድማ ትናገራለች። ለፈጅር ከአልጋ ሲወርድ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ተረከዙን እንደ ሚስማር የሚወጉት፣ ጥቂት ሲሄድ ደግሞ የሚተወው ሰው የውስጥ እግሩ ጅማት ተቆጥቷል። ለተሸሁድ ሲቀመጥ የቀኝ እግሩን ጣቶች ወደ ቂብላ ማጠፍ ካቃተውም እንዲሁ። ወደ ሱጁድ ሲወርድ ጉልበቱን ከፊት የሚያመው፣ ከሱጁድ ሲነሳ ከተረከዙ በላይ ያለው ጅማት የሚሳሳበት፣ እነዚህ ሁሉ ገና መንገድ ላይ ሳይወጡ መልእክት ደርሷቸዋል። ሰፍ ውስጥ ሆነን ማን እንዴት እንደሚወርድ እናያለን። ትናንት በጉልበቱ ይወርድ የነበረ ወጣት ዛሬ በእጁ ተመርኩዞ ሲወርድ ካየን ከሶላት በኋላ እንጠራዋለን።

ጫማ፣ ባዶ እግርና ጀግኖቻችን

አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜን ላይ ሮምን በባዶ እግሩ አሸንፏል የሚለውን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ከዚህ ተነስተው ጫማቸውን አውልቀው በኮብልስቶን ላይ የሚሮጡ ልጆች አጋጥመውናል። አበበ በባዶ እግሩ መሮጥ የለመደ ሰው ነበር፤ በዚያ ቀን አዲሱ ጫማ ስላልተመቸው አወለቀው። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ያሸነፈው ጫማና ካልሲ አድርጎ ነው። በባዶ እግር ያደገ ሰው ብዙውን ጊዜ በፊተኛው የውስጥ እግሩ ቀስ ብሎ ያርፋል፤ ምቱም ይቀልለታል። ይህ እውነት ነው። ዕድሜውን ሙሉ በጫማ የሄደ ሰው ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ልለውጠው ቢል፣ ከጉልበቱ ያነሳውን ጫና በባቱ፣ በተረከዙ ጅማትና በእግር ጣቶቹ አጥንት ላይ ይጭነዋል። ለውጡ በወራት የሚቆጠር ነው።

ኃይሌ ገብረሥላሴ ሲሮጥ ግራ ክንዱ ታጥፎ ወደ ሰውነቱ ይጠጋል፤ በልጅነቱ ደብተሩን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጥ የቀረበት ልማድ እንደሆነ ይነገራል። በዚያ ክንድ ሁለት የኦሎምፒክ ወርቅ አምጥቷል። ስለዚህ ፍጹም አሯሯጥ የሚባል አንድ ሥዕል የለም። ሳያምህ የምትሮጥበትን ልማድ የቴሌቪዥን ሯጭ ለመምሰል ብለህ አታፍርሰው፤ የሚለወጠው የሚያሳምመው ነው።

ስለ አበበ ደግሞ ብዙ የማይነገር ነገር አለ። በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሄደ በኋላ በጉዳት ምክንያት አቋርጦ ወጣ። በዚያ ቀን ማሞ ወልዴ ወርቁን አመጣ። አበበ አቋረጠ ብሎ ያፈረበት ኢትዮጵያዊ አናውቅም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በእግሩ ለመሄድ ተስሎ በሁለት ልጆቹ ተደግፎ የሚንገዳገድ ሽማግሌ ሲያዩ፣ አላህ ይህ ሰው ራሱን ከሚያሠቃይበት የተብቃቃ መሆኑን ነግረው በከብት እንዲሄድ አዘውታል። ለዒባዳ የተነሳ ሰው እንኳ እንዲህ ከተባለ ለሜዳልያ የተነሳው ምን ሊባል ነው?

በጾም ሰዓት

በአገራችን ቀንና ሌሊት ብዙም ስለማይለያዩ ጾማችን ከ13 ሰዓት ብዙ አይርቅም። በበጋ ረመዳን በሰሜን አውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን ከዚህ እጅግ ይረዝምባቸዋል፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉት ደግሞ ሙቀቱ አለባቸው፤ ለእነሱ ከመግሪብ በፊት ባይሮጥ ይሻላል እንላለን። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሙቀት ሳይሆን ከፍታው ነው የሚያታልለው። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ ነው፤ እንጦጦ ላይ ከ3,000 ይበልጣል። አየሩ ቀዝቃዛና ደረቅ ስለሆነ ሯጩ ላቡን ሳያይ በትንፋሹ ብዙ ውኃ ያጣል። ከክብደቱ ሁለት በመቶ ያህል ውኃ ያጣ ሰው አቅሙ ይቀንሳል፣ ሐሳቡ ይበታተናል፣ እርምጃውም ይበላሻል። ለ60 ኪሎ ሰው ይህ አንድ ሊትር ከሩብ እንኳ አይሞላም።

ከማፍጠሪያ በፊት መሮጥ የሚፈልግ በመጨረሻዎቹ 30 ወይም 40 ደቂቃዎች፣ ቀስ ብሎ፣ ከቤቱ ወይም ከመስጂዱ ሳይርቅ ይሩጥ፤ ሲጨርስ ውኃው እጁ ላይ ይሆናል። ከባድ ልምምድ፣ ዳገት፣ የፍጥነት ሥራ ያለበት ሰው በቴምርና በውኃ አፍጥሮ፣ ሾርባውን ቀመስ አድርጎ፣ ተራዊህ ሰግዶ ከዚያ ይውጣ። ሳምቡሳውን አምስት ስድስት በልቶ በሰዓቱ የሚሮጥ ሰው ሆዱን ይዞ ሲቆም አይተናል፤ ሆድን ለምግብ፣ ለመጠጥና ለትንፋሽ ሦስት ቦታ መክፈል የታዘዝነው በከንቱ አይደለም። ውኃው በአንድ ጊዜ የሚጠጣ ሳይሆን ከኢፍጣር እስከ ሱሁር በየጊዜው የሚጠጣ ነው። የሽንት ቀለም እንደ ሻይ ከጠቆረ በዚያ ቀን አይሮጥም። እንቅልፍም አለ። ተራዊህና ሱሁር ሌሊቱን ይከፍሉታል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰውነት ደግሞ ለጉዳት ቅርብ ነው፤ ከዙህር በኋላ ጋደም ማለት ከአንድ ዙር ሩጫ ይልቅ የሚጠቅምባቸው ቀናት አሉ። ከመነሳት በፊት አምስት አስር ደቂቃ መራመድና ማፍታታት አይቅር፤ ከተቻለም ከአስፋልት ይልቅ እንደ ጃን ሜዳ ያለ የአፈር ሜዳ ይመረጥ።

ስለ ጾሙ ሕግ የሚጠየቁ ጥያቄዎችን በአጭሩ እንመልስ። ስፖርት በራሱ ጾም ለመፍታት ምክንያት አይሆንም፤ እንደማይችል እያወቀ ቀን ላይ ከባድ ሩጫ የሚያቅድ ሰው ፕሮግራሙን ወደ ሌሊት ያዙር። ሳይታሰብ ራሱ የዞረበት፣ የተንቀጠቀጠ፣ ንግግሩ የተሳሰረ፣ ዓይኑ የጨለመበት ሰው ግን ወዲያውኑ ውኃ ይጠጣ፤ ነፍስ ማዳን ግዴታ ነው፤ ቀኑን ከረመዳን በኋላ ቀዷ ያወጣል። ቅባት መቀባት፣ በረዶ ማስያዝ፣ በፋሻ ማሰር ጾም አያበላሽም። ሐኪም በቀን ውስጥ የሚዋጥ መድኃኒት ያዘዘለት በሽተኛ ይፈታና በኋላ ይተካል፤ ይህን ፈቃድ የሰጠው አላህ ነው፤ እኔ ጠንካራ ነኝ ብሎ የሚመልሰው ሰው ከጥንካሬው አይቆጠርለትም።

አሠልጣኞች ይህን ገጽ ካነበባችሁ አንድ ነገር እንለምናችሁ። ልጁ ሕመሙን ሲነግራችሁ ስሙን አትሰርዙት። ስሙ እንደማይሰረዝ ካወቀ ሕመሙ ገና የሦስት ቀን ሳለ ይነግራችኋል፤ የሦስት ቀን ሕመም በአንድ ሳምንት እረፍት ሊለቅ ይችላል። ወላጆችም እንዲሁ፤ የቤቱን ወጪ በአንድ ልጅ እግር ላይ የጫነ ቤት ያንን እግር አመመህ ወይ ብሎ መጠየቅ አለበት።

ከዒድ በኋላ ደግሞ ሌላ ፈተና ይመጣል። ሸዋል ገባ፣ ሆድ ጠገበ፣ ወር ሙሉ የቀነሱትን ኪሎ ሜትር በአንድ ሳምንት ለመመለስ የሚነሱ ይበዛሉ። በረመዳን በሳምንት 20 ኪሎ ሜትር ይሮጥ የነበረ ሰው በዒድ ሳምንት 20ውን ይድገም፤ በቀጣዩ 22 ወይም 23 ያድርገው። የሸዋልን ስድስት ቀን የሚጾም ከሆነ ከባዱን ልምምድ በማይጾምበት ቀን ያድርገው፤ ስድስቱን አከታትሎ የመጾም ግዴታ የለበትምና ሰኞና ሐሙስን ይዞ ወሩ ሳያልቅ ይጨርሰዋል።